ፊንታን ያልተገኘበት ቀን

ኑ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ስለ እህቴ ልጅ ስለ ኑላና ስለ ፊንታን ላውጋችሁ።

ኑላ በከተማችን በኪልሞራ ጋዜጣ ላይ፣ አዲሱ ተመራጫችን ደብሊን ምክር ቤት ገብቶ ምን እንደጠየቀ፣ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ፣ በየትኛው ቀን እንደቀረ በየሳምንቱ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን ተመራጩ ራሱ፣ ፊንታን፣ ጋዜጣውን ይዞ ቢሮዋ ገባ።

«ሦስት ጥያቄ አቀረበ ብለሻል። አራት ነው ያቀረብኩት።»

«አራተኛው መልስ አላገኘም። መልሱ ሲመጣ እቆጥርልሃለሁ።»

ፊንታን ሳቀ። «እናቴ እንኳ እንዲህ አትከታተለኝም!»

በዓመቱ ቀለበት አሰረላት።

የሆስፒታላችን ጉዳይ የመጣው ያኔ ነው። ፊንታን እንዳይዘጋ እታገላለሁ ብሎ ነበር የተመረጠው። ድምፅ ተሰጠና በአንድ ድምፅ ብልጫ ይዘጋ ተባለ። መዝገቡ ላይ የፊንታን ስም የለም።

ኑላ ደወለችለት፤ አጠገቧ ነበርኩ።

«የት ነበርክ?»

«ልነግርሽ አልችልም ኑላዬ።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

«እንግዲያው አልተገኘም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ። እውነት ነው።»

ጻፈች። ከተማው ተቆጣ። ሥጋ ቤት ስትሄድ «እጮኛሽን እንቅልፍ ጥሎት ነው?» ይሏታል። የሰርጉን ቀን ሰረዘችው። «የሚደብቀኝን ሰው እንዴት አገባለሁ አክስቴ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ሬዲዮው የሟቾችን ስም ሲያነብ፣ የማላኪ ሚስት ማረፏን ሰማን። ማላኪ የጎረቤት አውራጃ ተመራጭ ነው፤ ሆስፒታሉ ይዘጋ ከሚሉት ወገን። ሚስቱ ግን አብራኝ የተማረች ናት። ኑላን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ።

ማላኪ የኑላን እጅ ይዞ አልለቅ አለ።

«የፊንታን እጮኛ አንቺ ነሽ? ያን ቀን ሚስትህ ጠናባት ብለው ሲደውሉልኝ፣ ድምፅ ሳልሰጥ አልሄድም ብዬ ነበር። ፊንታን ‹እኔም አብሬህ እቀራለሁ፤ አንተ ይዘጋ፣ እኔ አይዘጋ ባይ ነን፣ ሁለታችንም ከቀረን ድምፃችን ይጣፋል› አለኝ። መንዳት እንደማልችል አይቶ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ራሱ ነድቶ አደረሰኝ። በማግስቱ አንደበቷ ተዘጋ። እሱ ባይኖር ድምፅዋን ሳልሰማ ነበር የምትሄድብኝ።»

ኑላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ለካ ፊንታን ቀድሞን መጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የለቀስተኛውን ሲኒ ያጥባል። ፎጣ አንስታ አጠገቡ ቆመች። የታጠበውን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር።

«እኔን እንኳ አላመንከኝም?»

«ሕመሟን ለማንም እንዳንናገር ራሷ ለምናናለች። አንቺን ደግሞ አውቀሽ ዝም በይ ብልሽ፣ ሥራሽን ማበላሸቴ አይደል?»

«አሁንስ ልጻፈው?»

«ተይው። የሰው ሐዘን ለእኔ ስም ማጽጃ አይሁን።»

እርጥብ እጁን ያዘችው።

አልጻፈችም። በመከር ተጋቡ፤ ከከተማው ሰርጉ ላይ የመጣው ሰው አንድ ጠረጴዛ አልሞላም። በሚቀጥለው ምርጫም ፊንታን ወደቀ። ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ዛሬ ማላኪም አርፏል፤ ለዚህ ነው የነገርኳችሁ። የድሮውን ጋዜጣ ጠቅሶ ፊንታንን የሚያማ ስትሰሙ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ እንደነበር አስታውሱልኝ ልጆቼ።