ዋናው የጠፋው መሰናበቻ

ፖስታው አልጠፋም። የጠፋው በውስጡ የነበረው ነው።

አቶ ካሣሁን ፖስታውን ኢንስፔክተር አይናዲስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ክራንቻቸውን ከወንበሩ አስደገፉ። የግራ እግራቸው ከጉልበቱ በታች የለም።

«ክፈቺው፣ ልጄ።»

ከፈተችው። አንድ ወረቀት ወጣ። የቀድሞው ተጠባባቂ ወታደር ካሣሁን ከአገልግሎት መሰናበታቸውን ይገልጻል። ማኅተሙ ግን ጥቁር ነው። ፊርማውም ጥቁር።

«ፎቶ ኮፒ ነው» አለች።

«ስቀበል ዋናው ነበር። ማኅተሙ ሰማያዊ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት፣ ይኸው።»

ብሔራዊ ውትድርናቸውን ጨርሰው፣ ተጠባባቂ ተብለው፣ እንደገና የተጠሩ ሰው ናቸው። እግራቸውን ፈንጂ ወሰደው። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን የሚያሰናብታቸው አዛዥ አልነበረም፤ በክራንች ፒያሳ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ሲያስገቡ ኖሩ። መዝገብ አልተገኘም ሲባሉ ተመለሱ፤ ነገ ሲባሉ ነገ ሄዱ። መሰናበቻው የወጣው በዚህ ሳምንት ነው።

«ሰኞ ሰው ሠራሽ እግር ሊለኩልኝ ነው። ለቀድሞ ወታደሮች የመጣ ነው። ዋናውን ካላሳየሁ ተራዬ ለሌላ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።»

«ቤት ማን ይገባል?»

«እኔና ባለቤቴ ጽጌ ብቻ ነን። ትናንት ግን ተስፋሁን መጥቶ ነበር።»

አይናዲስ ቀና አለች። ተስፋሁንን የማያውቅ የአራዳ ፖሊስ የለም። ራሱን ጉዳይ አስፈጻሚ ይላል። ሌላው ሰው ማኅተም ቀራጭ ይለዋል።

ፒያሳ ኬክ ቤት አገኘችው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶ ይጠጣል።

«ጋሽ ካሣሁን ቤት ምን ወሰደህ?»

«እንኳን ደስ አለዎት ልል ነዋ።»

«ዋናውን ወስደህ ኮፒ ተክተሃል።»

ተስፋሁን ኮፒውን ተቀብሎ አየና ከልቡ የተከፋ መሰለ።

«ኢንስፔክተርዬ፣ እኔን ስደቢኝ፣ እሺ። ሙያዬን ግን አትስደቢ። እኔ የምተካውን ቢያይ ማኅተሙን የመታው ሰውዬ ራሱ የኔ ነው ይል ነበር። ይሄ ጥቁርና ነጭ ነው እኮ። ማንን ሊያታልል?»

አስተናጋጁ ሳቀ። አይናዲስ አልሳቀችም። ልክ ነው። ኮፒውን ያስቀመጠው ሰው ማታለል አልፈለገም። ጋሽ ካሣሁን ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ነው ያሰበው። እንዲህ የሚያስብ ሌባ ሩቅ አይኖርም።

ለካሣሁን ቤት የሚቀርበው የአቡበከር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አቡበከር ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዘው።

«የኔ ማሽን ነው። ይቺን ጭረት አዩአት? ከመስተዋቱ ናት። ስንቴ አስጠግኛታለሁ።»

«ማነው ያስደረገው?»

«ሰው ማስያዝ አልወድም፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔም ሰው ለመያዝ አልቸኮልኩም። ሰኞ ግን አንድ ሽማግሌ እግር ሊያጡ ነው።»

አቡበከር ማሽኑን አጠፋ።

«ሴት ናቸው። ነጠላ ተከናንበዋል፣ ፊታቸውን በደንብ አላየሁም። ግን ዋናውን ስመልስላቸው ሳሙት። ግንባራቸውንም አስነኩት። እዚህ ዲግሪ ይመጣል፣ የቤት ካርታ ይመጣል። ሰው ወረቀት ሲስም ግን አላየሁም።»

ወይዘሮ ጽጌ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አይናዲስ ጥያቄዋን ደጃፉ ላይ ጠየቀች።

«ዋናው የት አለ፣ እትዬ ጽጌ?»

«ጊዮርጊስ ገብቷል። ከደጁ ላይ ለቄሱ ሰጠሁት።»

«እንዴት?»

«ካሣሁንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩት ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ ተሳልኩ። መሰናበቻውን ካሳየኸኝ ወረቀቱን ራሱን አመጣልሃለሁ፣ እስከዚያ ደጅህን አልፌ አልገባም አልኩት። ካሣሁን መጣ። መሰናበቻው አልመጣም።»

«እና?»

«እና አልገባሁም።»

አይናዲስ ዓመታቱን በልቧ አሰበችና ተወችው።

«ጋሽ ካሣሁን አያውቁም?»

«ስለት ሳይደርስ ማውራት ፈራሁ። ደግሞ ሴት ከቅጥር ውጭ ቆማ ስትጸልይ ለምን ይባላል? አንቺስ ትጠይቂያለሽ?»

አትጠይቅም። ማንም አይጠይቅም።

«ሰኞ እንደሚፈልጉት እያወቁ ግን…»

«ኮፒ ተውኩለት እኮ። መሥሪያ ቤት መቼ ዋናውን ይላል? ሁልጊዜ ኮፒ አምጡ ነው። ለጊዮርጊስ ግን ኮፒ አይሰጥም፣ ልጄ።»

አይናዲስም ተስላ ታውቃለች። የእሷ አልሰመረም። ሴትዮዋን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የጊዮርጊሱ ቄስ ገብረዮሐንስ ወረቀቱን እንዲመልሱ ስትጠይቃቸው ፈጥነው መለሱ።

«ስለት የገባ ነገር በእጅ አይመለስም። ጥላም ይሁን ምንጣፍ የሚወጣው በጨረታ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ።»

«ሌላ ሰው ቢጨምርባቸውስ፣ አባ?»

«ሕዝቡ ለበረከት ይሻማል። ልከለክል አልችልም።»

አቶ ካሣሁን ነገሩን ከሚስታቸው አፍ ሰሙ። ክሱን ተዉ።

እሑድ ግቢው ሞላ። ካሣሁን ከሕዝቡ መሀል፣ ጽጌ የወረቀቱ ነገር እስኪለይ ብለው ከቅጥሩ ውጭ ቆሙ። ጥላው ተሸጠ። በምንጣፉ ሁለት የወርቅ ነጋዴዎች ተያያዙ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው እየጨመረ ሰዉን አሳቁት። ከዚያ ቄሱ ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። ማን እንደተሳለች ተናገሩ። እስከ ዛሬ የት ቆማ እንደኖረች ተናገሩ።

ካሣሁን ዋጋ ጠሩ። ጥቂት ነው፤ ያላቸው ያው ነው።

«የሚጨምር?» አሉ ቄሱ።

ነጋዴዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የሚጨምር አለ?»

እርግቦቹ ብቻ ተሰሙ። አይናዲስ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድነት ዝም ሲል ሰምታ አታውቅም። ቄሱም ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡ።

ካሣሁን ክራንቻቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሰዉ ሳይነገረው መንገድ ለቀቀ። የደጁ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ጽጌ ከወዲያ በኩል ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ጽጌ» አሉ፣ «ግቢ እንግዲህ። አሁን ነው የመጣሁት።»