ያልተቆጠረው ቢጫ

«ያሸንፉ። ዋንጫውንም ጥግብ እስኪሉ ይሳሙት። ከዚያ እኔ እናገራለሁ» አለች ማናለብሽ።

በአዊኛ ነበር ያለችው። ለትምህርት ቤቶች የሴቶች ዋንጫ ፍጻሜ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚከንፈው ሚኒባስ ውስጥ አዊኛ የሚሰሙት ልጆች ከኋላ ሆነው እየዘፈኑ ነው፤ ከፊቷ ወንበር ላይ ፀጉሯን በላስቲክ የምታስረው ሶስና ደግሞ አንዲት ቃል አይገባትም። ይኼ ራሱ እንዴት ደስ ይላል! ጆሮዋ ሥር ቁጭ ብሎ ጉዷን ማዘጋጀት።

«ምን ብለሽ ነው የምትናገሪው?» አለች እመቤት። እመቤት የቡድኑ በረኛ ናት። ሁለቱም ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ አንድ መንደር መጥተው፣ እንጅባራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። እስከ ዛሬ የተደባበቁት ነገር የለም።

«ሶስና ሁለት ቢጫ አላት። ሁለት ቢጫ ያላት ልጅ ደግሞ ቀጣዩን ጨዋታ አትገባም። ከገባች ቡድኑ በፎርፌ ይሸነፋል። ደንቡን ቲቸር ራሱ አይደል ያነበበልን?»

«አንድ አይደል እንዴ ያላት?»

«አዲስ ቅዳምን ስናሸንፍ የወሰደችውን ሁሉም አይቷል። ከአዘና ጋር ስንጫወትስ? ቲቸር የተጎዳችውን ልጅ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄዶ እያለ?»

እመቤት አፏን ያዘች። እውነት ነው! ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ሶስና ኳሷን በንዴት አርቃ ለግታ ቢጫ ወጥቶባታል። ጨዋታው እንዳለቀም ልጆቹን ሰብስባ «በናታችሁ ለቲቸር እንዳትነግሩ፣ ይጮህብኛል» ብላ ለምናቸዋለች። ማንም አልተናገረም፤ ከዚያም ነገሩ ተረሳ። ማናለብሽ ግን እንዴት ትርሳው? አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሶስናን ከማየት ሌላ ምን ሥራ ነበራት?

«ዋንጫውን ስንቀበል ወደ ዳንግላው አሰልጣኝ ሄጄ ሹክ እለዋለሁ። የአዘናው ዳኛ ዛሬም መስመር ይዳኛል አሉ። ጠይቁት እለዋለሁ። አለቀ።»

እመቤት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ማናለብሽ እንዲህ መረር ያለችው ወዳ አይደለም። መስከረም ላይ ሰባት ቁጥር ማሊያ የእሷ ነበር። አጥቂ ማለት እሷ ናት፤ ይኼን ያላመነ ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ሶስና ታዲያ አንድ ቀን ወደ ስፖርት መምህሩ ወደ ቲቸር ይሄነው ሄደች። «ቲቸር፣ ማናለብሽ እኮ ባል ተይዞላታል። ለጥር ሠርጓ ነው፣ ትምህርቱንም ትተዋለች» አለችው፣ ዓይኗን እንባ እየሞላው። ውሸት! ፍጥጥ ያለ ውሸት! የማናለብሽ አባት እንኳን ሊድራት ቀርቶ «ሐኪም ሳትሆኚ ደጄን እንዳትረግጪ» የሚል ሰው ነው።

ቲቸር ይሄነው ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ቶሎ ማዘኑ ነው። «ጥር ላይ በምትሄድ ልጅ ቡድን አልሠራም» ብሎ ማሊያውን ለሶስና ሰጣት። ማናለብሽ ምላ ተገዝታ ብታስተባብል፣ «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሶስናም ተጨንቃልሽ ነው የነገረችኝ» እያለ ያባብላት ጀመር። ጭራሽ ተጨንቃልሽ! ከዚያ ወዲህ የማናለብሽ ሥራ ውሃ መሸከም ሆነ። ክፍል ውስጥ ስሟ «ሙሽሪት» ነው። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ስትወጣ ወንዶቹ ከኋላ ሆነው እልል እያሉ ሙድ ይይዙባታል። እሷም በየቀኑ ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች።

ሚኒባሱ ዳንግላ ሊገባ ሲል እመቤት ዞር አለች።

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ ምን አድርጌሻለሁ? ጭቃ ላይ እየተንከባለልኩ ያዳንኩት ኳስ ሁሉ ሊቀማ ነው እኮ።»

«አታካብጂ እመቤት። ለአንድ ዋንጫ!»

«ለአንድ ዋንጫ? ሰኔን ረሳሽው?» አለችና የበረኛ ጓንቷን ጭኗ ላይ ወረወረችው። «ተናገሪ፣ አትናገሪ አልልሽም። አሳባቂ አይደለሁም። ግን ሰኔን አስቢ።»

ሰኔን ማን ይረሳል! ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ ሲያሸንፍ፣ ሁለቱ ልጆች እንጅባራ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ተጨናንቀው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። አለፍን ተብሎ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ዋናውን መንገድ ሞሉት። የሠፈራቸው ልብስ ሰፊ ጋሽ ውቤ፣ ያ ቁጥብ ሰውዬ፣ ባንዲራ ለብሰው እስክስታ ሲመቱ ታዩ። ማታውኑ ግን ወሬው መጣ። ከቦትስዋና ጋር በነበረው ጨዋታ ሁለት ቢጫ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል፤ የቆጠረ ሰው የለም። ሦስት ነጥብ ሊቀነስ ነው ተባለ፤ ተቀነሰም። በኋላ ቡድኑ እንደምንም ምድቡን ቢያልፍም፣ የዚያን ማታው ነገር ግን ሌላ ነው። ጋሽ ውቤ ሱቃቸው ደፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሰላም ቢላቸው እንኳ አይመልሱም ነበር። እመቤት እራት ሳትበላ ተኛች።

ዳንግላ ሜዳው ዳር ዳር በሰው ተሞልቷል። ማናለብሽ የውሃ ጀሪካኑን አግዳሚው ሥር አስቀምጣ ሶስናን ታያለች። ሶስና ሰባት ቁጥር ለብሳ፣ የዳንግላ ልጆች እያዩላት፣ ኳስ በጉልበቷ ታንቀረቅባለች። ውሃ ለመሸከም የምትመጣዋ ማናለብሽም ታዲያ የኳስ ጫማዋን ሳታደርግ መጥታ አታውቅም።

«ሙሽሪት! ውሃ!» ብላ ተጣራች ሶስና። የቡድኑ ልጆች ሳቁ።

ማናለብሽ ውሃውን ሰጠቻት። ጠጪ፣ አለች በልቧ፤ ጠጪ፣ ማታ ታገኚያታለሽ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታያት። ማታ ምን ታገኛለች? ሶስና እንደሆነ ትጫወታለች፣ ጎል ታገባለች፣ በትከሻ ትዞራለች። ዋንጫው ሲነጠቅ ደግሞ «እኔ ምን ላድርግ፣ ቲቸር ነው ያልቆጠረው» ብላ ታርፈዋለች። እሷን ማን ያጣታል! በሰኔው ጉድ ካርዱን ሳይቆጥር የቀረው ማን እንደሆነ ማናለብሽ እስከ ዛሬ አታውቅም። ያለቀሱትን ግን ታውቃቸዋለች። ዛሬም የምታለቅሰው እመቤት፣ አንገቱን የሚደፋው ቲቸር ይሄነው ነው። ሶስና ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ታዲያ ይኼ ምኑ በቀል ነው? በራሷ ተናደደች። ስንት ሳምንት ሙሉ እንደ ሞኝ ስታቅደው የከረመችው የተሳሳተ ሰው ላይ ሊወርድ ነው! አይሆንም። የሚያርፍ ከሆነ ሶስና ላይ ብቻ፣ አሁን፣ ሰው ሁሉ እያየ ይረፍ።

ዳኛው ቡድኖቹን ሊያስገባ ፊሽካውን አነሳ። ማናለብሽ ሮጠች።

«ቲቸር! ሶስና መግባት አትችልም። ሁለት ቢጫ አላት።»

«ምን?»

«እርስዎ ጤና ጣቢያ ሄደው እያሉ፣ በአዘናው ጨዋታ አንድ ወስዳለች። ያ ዳኛ ያውልዎት፣ መስመር ላይ የቆመው። ይጠይቁት።»

ልጆቹ ተሰበሰቡ። የሶስና ፊት ቲማቲም መሰለ። «ውሸቷን ነው ቲቸር! ማሊያዬን ፈልጋ ነው!»

ቲቸር ይሄነው በየተራ አያቸው። አንዷ ጫማዋን ታያለች፣ ሌላዋ ሰማይ ሰማይ። ከዚያ እመቤት ጓንቷን እያጠለቀች «እውነቷን ነው። ሁላችንም እናውቃለን» አለች፤ ማናለብሽን ግን አላየቻትም።

ሰውየው ላብ አጠመቀው። «እንኳን ፈጣሪ አወጣን! ግን አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ማናለብሽ ረስቼው ነው ማለት ትችል ነበር። ማንም አይጠረጥራትም።

«እንድንሸነፍ ፈልጌ ነው» አለች። «ዋንጫውን ከወሰድን በኋላ ልናገር ነበር።»

ቲቸር ይሄነው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ዳኛው ግን ከመሀል ሜዳ በእጁ እየጠራቸው ነው።

«ሶስና፣ አውልቂ። ማናለብሽ፣ ትገቢያለሽ። ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሠርግሽ እስኪደርስ እንኳ ተጫወቺ፣ ልጄ።»

አሁንም! አሁንም ሠርግ! ሶስና ከላይ የደረበችውን ማሊያ አውልቃ ይዛ ቀረበች። እንባዋ ይወርዳል፤ የዳንግላ ልጆች እየጠቆሙባት ነው። ማናለብሽ ይኼን ቀን ስትመኝ ከርማለች፤ ደግሞም ደስ አላት። አልዋሸችም ለራሷ፤ ደስ አላት።

«የሠርጉን ውሸት አሁን ልትነግሪው ነው?» አለች ሶስና በሹክሹክታ።

መናገር ቀላል ነበር። ቲቸር ሁለት እርምጃ ርቆ ነው የቆመው። ግን እሷ ስትምልለት «አይዞሽ» ከማለት ሌላ መቼ ሰምቷት ያውቃል?

«እኔ አልነግረውም» አለች ማናለብሽ።

ሶስና ተነፈሰች።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪው። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት።»

«ባልነግረውስ?»

ማናለብሽ ማሊያውን በራሷ አጠለቀች። የሶስና ላብ ይሸታል። ይቅርታ የሚባል ነገር ልቧ ውስጥ ፈልጋ አጣች፤ ከዛሬ ጀምሮም ከዚች ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ እንደማትቀመጥ ወሰነች።

«አግዳሚውም ላይ ዴስኩም ላይ ብቻሽን ነው የምትቀመጪው፤ ለማሰብ ጊዜ አለሽ» አለቻትና ወደ ሜዳ ገባች።