ለሦስት ሰው የተስተካከለ

ጋሪው ጮኸ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ብሎን ነዳጅ ጨመረች። ሞተሩ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸና ጋሪው ድንገት ወደ ፊት ዘለለ፤ ደረቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። የኋላው ወንበር ባዶ ስለነበር ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሳምንት ሊሞላው ነው።

ብሎን ያላት አባቷ ነው። በሦስት ዓመቷ፣ ግማሽ ቀን ሲፈልጋት የዋለውን ብሎን አፏ ውስጥ ደብቃ ተገኘች፤ ስሙ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላትም አለቀቃት። ጋሪውንም የሠራው እሱ ነው፤ ከአሮጌ የውሃ ፓምፕ በተፈታ ሞተር፣ ከአልጋ ብረትና ከአራት ትንንሽ ጎማዎች። ጠዋት ጠዋት እሱ ይነዳ፣ እናቷ ከኋላው ትቀመጥ፣ ብሎን ከነደብተሯ ጥግ ላይ ትሸጎጥ ነበር። ጋሪው ሲነሳ ትንሽ ነቅነቅ ያደርግ ስለነበር እናቷ ቀድማ ትከሻውን ትይዛለች። «ያዝኩህ» ትለዋለች። «እኔ ነኝ እንጂ የያዝኩሽ» ይላታል። በየቀኑ ያው ነበር።

አባቷ ከሞተ አራት ወር ሆነው። መሪውን ብሎን ተረከበች። ቤት ውስጥ አንዷ ስትገባ ሌላዋ የምትሠራው አታጣም፤ አብረው የሚሆኑት እናቷ እስከምትሠራበት ስፌት ቤት ባለው የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ብቻ ነበር። ሞተሩ ስለሚጮህ እዚያም አያወሩም፤ ግን እናቷ ከጀርባዋ አለች። ጋሪው ደግሞ ከሳምንት ሳምንት አመሉ ከፋ። ባለፈው ሰኞ ሲዘል እናቷ ወገቧን ይዛ ወረደች፤ ከእንግዲህ በእግሬ እሄዳለሁ፣ መንቀሳቀሱም ሳይሻለኝ አይቀርም አለች። ከዚያ ወዲህ ብሎን ስትነቃ የምታገኘው ጠረጴዛው ላይ የተከደነ ቁርስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጋሪውን እየገፋች ጎሚስታው ጋ ወሰደችው። ጎማ እየለጠፈ መንገደኛውን ሁሉ በቀልድ የሚነካካ የአባቷ ጓደኛ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን እሷን ሲያይ ቀልዱ ይጠፋበታል። ሞተሩን ከጎማዎቹ የሚያገናኘውን የፍሪሲዮኑን ክዳን ፈታ። ሁለቱ ፑሊዎችና በመካከላቸው የተዘረጋው የጎማ ቺንጊያ በዘይት ያብለጨልጫሉ።

«ይኼን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አባዬ እሑድ እሑድ ዘይት ይቀባው አልነበር? አንድም እሑድ አልዘለልኩም።»

«እሱ የሚቀባው ሰንሰለቱን ነው። ቺንጊያ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፣ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ድንገት ይነክሳል።» አቀርቅሮ ሲያይ ቆየና የድሮ ድምፁ ትንሽ ተመለሰ። «አንቺ ልጅ፣ ፍሪሲዮን ነው ወይስ ፀጉር የቀባሽው?»

ብሎን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። አሥራ ስድስት እሑድ። እናቷን ከወንበሩ ያስወረደችው ራሷ ነበረች።

ፑሊዎቹን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠራረገች፤ ቺንጊያውን እሱ በሌላ ቀየረው። ሲሞክሩት አመሉ በግማሽ ተሻለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልጠፋም። ጎሚስታው የፊተኛውን ፑሊ ከፍቶ ሞላውን አወጣና በሁለት ጣቱ ተጫነው። የተጠማዘዘው ሽቦ እጥፍ አላለም።

«ጠንካራው ነው። በዚህ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሳይጮህ ፑሊው ቺንጊያውን አይጨብጥም። አባትሽ አውቆ ነው ያደረገው፤ ጭነት ሲከብድ ይኼ ይሻላል። ለሦስት ሰው ነው የተስተካከለው።»

ያለውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው። ጎንበስ ብሎ ያልወደቀ ቁልፍ ፈለገ። ለስላሳው ሞላ ከአባትሽ ዕቃ ውስጥ አይጠፋም፣ እሱ መጣል የት ያውቃል፣ አምጪውና እኔ እገጥምልሻለሁ አላት።

«ራሴ እገጥመዋለሁ» አለች።

ሞላው አልጋ ስር፣ የአባቷ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ። በተለጠፈበት ፕላስተር ላይ በአባቷ ጣመም ያለ ጽሑፍ «ለቀላል ጭነት» ይላል። ብሎን ሁለቱን ሞላዎች ጭኗ ላይ አድርጋ ደጅ ተቀመጠች። ጠንካራውን ብትመልሰው ጋሪው ጠዋት ጠዋት ያንን ከባድ ሰው መጠበቁን አይተውም። እናቷ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወጣች፤ ሞላዎቹን አየች፤ ልብሱን ሰብስባ ገባች። ብሎን እጇ እስኪቀዘቅዝ ቆየች። ከዚያ ለስላሳውን ገጠመች። ጠንካራውን ፕላስተር ለጠፈችበትና «ለሦስት ሰው» ብላ ጽፋ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰችው።

ሰኞ ከእናቷ ቀድማ ተነሳች። እናቷ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ጋሪው በሩ ላይ ቆሟል።

«ወገቤ እኮ፣ ልጄ…»

«አይዘልም፣ እማዬ።»

እናቷ ትንሽ አመነታችና ተቀመጠች። ብሎን ነዳጅ ሰጠች። ገና ሳይነሱ የእናቷ እጅ እንደ ልማዱ ቀድሞ መጣና ትከሻዋን ያዘ። ጋሪው በዝግታ፣ ውሃ ላይ እንዳለ ሁሉ ተንሸራቶ ተነሳ። መንቀጥቀጡን ጠበቁት፤ አልመጣም። «ያዝኩሽ» ያለ የለም።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱም እጁ ከትከሻዋ አልተነሳም። ወደ ስፌት ቤቱ የሚወስደው በቀኝ በኩል ነው። ብሎን ነዳጁን ቀነስ አደረገችና በግራ፣ በረጅሙ መንገድ ታጠፈች።