ጉልበት ለመሳም

ረቢአ ኑርሁሴንን መጀመሪያ ያየችው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ነው። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ከጭነት መኪና ወድቆ ዳሌው ወለቀ፤ የከሚሴው ወጌሻ አባቷ ሙህዲን ጎትተው መለሱለት። እሷ ቅቤ ስታቀብል ዓይኑን ላለማየት ትታገል ነበር።

«ስምሽን ንገሪኝ፤ ስጮህ የምጠራው አጣሁ» አላት።

ዳነ፤ መመላለሱን ግን አልተወም። ልታሽ ነው የመጣሁት ይላል፤ ሰፈሩ አልተሸወደም፤ ብዙም ሳይቆይ ተጫጩ። በዓመቱ ማነከስ ጀመረ። አባቷ ቢያሹት ባሰበት፤ አዲስ አበባ ተላከ።

ሲመለስ ቦርከና ወንዝ ዳር ጠበቃት፤ ምርኩዝ ይዟል።

«አጥንቱ ሞቷል አሉኝ። ደም አልደረሰውም።»

«አጥንትም ይሞታል?»

«ይሞታል። ቶሎ ቢደረስበት አጥንቱን በስቶ ደም እንዲደርሰው ማድረግ ይቻል ነበር፤ አሁን ጊዜው አልፎበታል። የብረት መገጣጠሚያ ያለው ውጭ አገር ነው፤ ለወጣት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የቀረው የጭኑን አጥንት ከዳሌው ጋር ማጣበቅ ነው። ሕመሙ ይጠፋል፤ መታጠፍ ግን የለም።»

ረቢአ ምርኩዙን አየችው።

«ታዲያ ኦፕራሲዮኑ መቼ ነው?»

«ከሠርጋችን በኋላ። አሁን ኦፕራሲዮን ብሆን ያባትሽን ጉልበት በምን ተንበርክኬ እስማለሁ? ቆሞ የቀረን ሙሽራ ምን ይሉታል?»

«ወላሂ፣ እያመመው የሚንበረከክ ባል አልፈልግም» አለች። «ሂድና ታከም።»

ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ ይሆን ያበላሸሁት?»

«የለም አባ። የደም ሥሩ የተበጠሰው ያኔ ከመኪናው ሲወድቅ ነው አሉ፤ ሀኪሞቹ።»

ሙሽራው ሳይንበረከክ ስለ መቅረቱ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ረቢአ ሦስት ወር፣ እሱ በጄሶ ተጠፍንጎ ሲተኛ፣ ያን ዝምታ ፈርታ ኖረች።

የሠርጉ ቀን ኑርሁሴን ያለ ምርኩዝ መጣ። አንድ እግሩ እንደ ቋሚ ቀጥ ብሏል። አማቱ ፊት ደርሶ ሊያጎነብስ ቢሞክር አልሆነለትም። ሚዜው ደገፈው፤ ዳሱ ውስጥ ማንሾካሾክ ተጀመረ።

ሙህዲን ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከጠዋት ጀምሮ አጠገባቸው የቆመ ጠረጴዛ ነበር፤ ረቢአ ለምግብ የመጣ መስሏት ነበር። ሽማግሌው ወንበር ረግጠው ወጡበት። ጉልበታቸው ከሙሽራው ደረት እኩል መጣ፤ የወጌሻ ዓይን ቀድሞ ለክቶት ኖሯል።

«ሳም ልጄ» አሉ።

ኑርሁሴን አንገቱንና ትከሻውን ብቻ ደፋ አድርጎ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳመ። ዳሱ በእልልታና በሳቅ ተሞላ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙ።

«አመመህ?»

«አልሃምዱሊላህ» አለ ኑርሁሴን፤ ዓይኑ ረቢአ ላይ ነበር። «አሁን ምንም አያመኝም።»