ወደ ግራ የምታይ ዓሣ

ሰዓት ሠሪዎች አንድ አመል አላቸው። የጠገኑትን ሰዓት ከመግጠማቸው በፊት የጀርባ ክዳኑን ገልብጠው፣ በመርፌ ጫፍ ምልክታቸውንና የዕለቱን ቀን ይጭሩበታል። ባለቤቱ አያየውም። የሚያየው ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሰዓት የሚከፍት ሌላ ሰዓት ሠሪ ነው።

የአንሴልሞ ምልክት ትንሽ ዓሣ ነበረች።

አንሴልሞ ኔልባን ሊያገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዓሣ ላጥምድ ብሎ በጀልባ ወጣ። ጀልባዋ ተመለሰች፣ እሱ ቀረ። የሞንቴቪዴዮ ሰው ያንን ውኃ «ወንዝ» ይለዋል እንጂ ማዶው እንኳ አይታይም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እንግዲህ ያልተቀበረ ሰው እንዴት ተደርጎ ይረሳል? ኔልባ በአሮጌው ከተማ አብረው ሰዓት የሚጠግኑባትን ሱቅ ብቻዋን ይዛ ቀረች። አራት ዓመት ሙሉ፣ የመጣላትን ሰዓት ሁሉ ከምኑም በፊት ጀርባውን ትከፍታለች። ዓሣዋን ካገኘች ያን ቀን ታንጎራጉራለች። ካላገኘች ዝም ነው።

«ልጄ፣ ከሞተ ሰው ደብዳቤ ትጠብቂያለሽ እንዴ?» ትላታለች አክስቷ ኤርሚንዳ፣ በቅል የሚጠጣውን የማቴ ሻይ እያቀበለቻት።

«መሞቱን ማን አየ?»

የአንሴልሞ ወንበር ከጎኗ ባዶውን ቆሟል። አንዳንዴ ያለ ሰው ሲንቋቋ ትሰማዋለች፤ ዞር ብላ ግን አታይም።

ዋልዴማር በዚህ መሀል መጣ። በእሁድ ገበያ አሮጌ ሰዓት ይሸጣል፤ ውድ የስዊዝ ሰዓቶችን አስመስሎ በመሥራትም እጁ የተመሰገነ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያኛው የስዊዝ፣ ይሄኛው የእኔ» ይላል። ሰው ይስቃል፣ ይገዛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው የወርቅ ሰዓት ተበላሽቶበት ነበር። ኔልባ ክዳኑን ስትከፍት ዓሣዋ እዚያው ናት። ፊቷ በራ። ዋልዴማር ያንን ፊት አየና አለቀለት።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንድ ሰዓት ይዞ ይመጣል። ከክዳኑ ሥርም ዓሣዋ አትጠፋም።

«ከየት ነው የምትለቅማቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ራሳቸው ናቸው ወዳንቺ የሚጎትቱኝ።»

«ምላስህማ!»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ዋልዴማር በሚመጣበት ቀን ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ማበጠር ጀመረች፤ ወዲያው ደግሞ ባዶውን ወንበር አይታ ታፍራለች። እሱም በዚያ ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠም። ሌላ ስለሌለ ቆሞ ይጠብቃታል።

በሰኔ ብርድ፣ አንድ ዝናባማ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዋልዴማር አጠገቧ ቆሞ ሳለ አሥረኛውን ሰዓት ከፈተች። ዓሣዋ አለች። ከሥሯ ያለውን ቀን ግን ደግማ አነበበችው። ያለፈው ሰኞ!

«አክስቴ! አንሴልሞ አለ! ሰኞ ዕለት ይህን ሰዓት ሠርቷል!»

ኤርሚንዳ አማተበች። ኔልባ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ጋ ደርሳለች። «ማን ሰጠህ? የት ነው ያለው? ውሰደኝ!»

«ኔልባ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! ውሰደኝ ነው የምልህ!»

«እኔ ነኝ የጫርኳት» አለ ዋልዴማር። ፊቱ አመድ መስሏል። «የመጀመሪያዋ ብቻ ናት የእሱ። ዘጠኙ የእኔ ናቸው። እስከ ዛሬ እሱ በሕይወት የነበረበትን ዘመን አስልቼ ነበር የምጽፈው። ሰኞ ግን እጄ እንደ ልማዱ የዕለቱን ቀን ጻፈ።»

«ለምን?»

«ያንን ፊትሽን ደግሜ ለማየት።»

ኔልባ ካፖርቷን አወለቀች።

«ውሸታም!» አለችው። «አንሴልሞን ሁለተኛ ገደልክብኝ። ውጣልኝ!»

ዋልዴማር ሰዓቱን እንኳ ሳያነሳ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ኔልባ ያንን ሰዓት በአጉሊ መነጽሯ እያየች ታስቀምጠዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች። ወንበሩም መንቋቋቱን ተወ፤ ይህ ደግሞ ከመንቋቋቱ የባሰ አስፈራት። በአራተኛው እሁድ ወደ ገበያው ሄዳ ሰዓቱን ክዳኑ እንደተከፈተ ከዋልዴማር ፊት አኖረችው።

«አንሴልሞ ግራኝ ነበር» አለችው። «በግራ እጁ ስለሚጭር የእሱ ዓሣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታያለች። ያንተዎቹ ወደ ግራ ነው የሚያዩት።»

ዋልዴማር አንገቱን ደፋ። «ታዲያ እስከ ዛሬ አላየሽውም?»

«ከሁለተኛው ጀምሮ አይቼዋለሁ።» እንባዋ መጣ። «እጁን አሞት ይሆናል፣ ደክሞት ይሆናል እል ነበር። እውነቱን ካወጣሁት አንተ መምጣት ልትተው ነው። ራሴን ስዋሽ ከርሜ አንተን ውሸታም አልኩህ።»

ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ በድሮ ቁልፍ ዋጋ ይከራከራል።

«በል» አለች ኔልባ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ከቀኑ ሥር የራስህን ምልክት አድርግበት።»

«የለኝም። አስመስሎ የሚሠራ ሰው ቀን እንጂ ስም አይጽፍም።»

«እንግዲያው ዛሬ አውጣ!»

ዋልዴማር መርፌውን አነሳ። ጭሮ ሲጨርስ ኔልባ አጎንብሳ አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወንበር። ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ ስቆምልሽ!»

እያለቀሰች ሳቀች። እጁንም ያዘችው።

በጸደይ ተጋቡ። የአንሴልሞ ወንበር ከቦታው አልተነሳም፤ ዋልዴማር የራሱን ይዞ ገባ። ኔልባ ዛሬም ሰዓት ሲመጣላት መጀመሪያ ጀርባውን ትከፍታለች፤ እሱም እስክትጨርስ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

አንድ ቀን ግን «ዋልዴማር፣ እስቲ ና» ብላ ጠራችው።

በአጉሊ መነጽሯ አየ። ዓሣዋ ወደ ቀኝ ታያለች። ዋልዴማር ቆቡን አወለቀ።

«እንዴት ዋልክ፣ አንሴልሞ» አለ ቀስ ብሎ። ኔልባ ክዳኑን እስክትዘጋም ቆቡን አልመለሰም።