የቀትር ስንዴ

«ትንፋሽሽን ሰብስቢ» አለች ብርቄ። መቀነቱን ሁለቴ አዙራ አጠበቀችው። «እንዴ! ወገብ የሚባል ነገር የለሽም እንዴ?»

«ተይኝ። ላነብ ነው እንጂ ልዳር ነው?»

«ማን ያውቃል? እንደራሴው ለልጃቸው ቢያጩሽስ!»

ትሁን ሳትፈልግ ሳቀች። ቀሚሱ የብርቄ እናት የበዓል ቀሚስ ነበር። የትሁን እናት ላቀች ትናንት ሄዳ ተውሳ አመጣችው። ራሷ የለበሰችውም ጋቢ የጎረቤት ነው።

በንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ግቢ ዳስ ተጥሏል። የአገሩ የሕዝብ እንደራሴ ቀኛዝማች ገብረ ሥላሴ ከአዲስ አበባ መጥተው ምሳቸውን እዚህ ይበላሉ። ነገ ጧት ይመለሳሉ። ሲመለሱ ምክር ቤቱ የሚመጣውን ዓመት በጀት ያያል። የተማሪው ስንዴ ከበጀቱ ይሰረዛል የሚል ወሬ ከደረሰ ወር ሆኖታል።

ስንዴው ከጃንሆይ መንግሥት መምጣት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀትር ላይ በበርሜል ይቀቀልና ለፈለገ ተማሪ በጣሳ ይሰፈራል። ከስማዳና ከእስቴ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቃቸው ሐሙስ ላይ ሲያልቅ በእሱ ይሰነብታሉ። ከከተማው ልጆችም የሚሰለፉ አሉ።

ማንም ሳያዛቸው ስምንት ሰዎች ተነሡ። መሪያቸው ሽማግሌው አቶ ጓዴ ናቸው። አርብ ገበያ ድረስ፣ ወገዳ ድረስ በእግራቸው ሄደው ገበያተኛውን አስረዱ። ስንዴው እንዳይቀር ባጻፉት ማመልከቻ ላይ አራት መቶ ሰው በአውራ ጣቱ ፈረመ። ከስምንቱ አንዷ ላቀች ነበረች። ፈትሏን ጥላ ሳምንት ሙሉ ተጓዘች።

ከዚያ እንግዳው የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። ትልቅ ሰው በባዶ እጅ አይቀበሉም ተባለ፤ ሙክት ታረደ። በተቀደደ ልብስ ፊታቸው አንቆምም ተባለ፤ ያለው ለሌለው አዋሰ። ዳሱ በነጭ ልብስ ሞላ።

ቀኛዝማቹ በሉ፤ ጠላውንም አመሰገኑ። ፊታቸው ደግ ነበር። እጃቸውን ታጥበው ዙሪያውን አዩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «አገሬን ጠግቦ አየሁት። መንገድ ላይ ሌላ ሌላውን ሲያወሩልኝ ነበር።»

አቶ ጓዴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዘራቸውን አጥብቀው ሲጨብጡ ትሁን አየች።

ተራዋ ደረሰና ማመልከቻውን ቆማ አነበበች። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ስለ ትምህርት መስፋፋት ይላል፤ ስለ አገር እድገት ይላል። ረሃብ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። የማንም ቤት አልተነሣም። ስምንቱ ሲያጽፉት እንዲያ ነበር የተስማሙት፤ ጓዳችንን አደባባይ አናወጣም ብለው።

«ጎበዝ አንባቢ ነሽ» አሉ ቀኛዝማቹ። «ግን ምክር ቤት ‹ስንዴው ለተቸገረ ነው፤ ያንተ አገር ተቸግሯል ወይ?› ይሉኛል። እኔ የምመልሰው በዓይኔ ያየሁትን ነው። አሁን አንቺ ራስሽ ከስንዴው ትበያለሽ?»

ትሁን አፏን ሳትከፍት ብርቄ ከጎኗ ቀደመች።

«እሷማ አትበላም፣ ጌታዬ! ቤታቸው ሙሉ ነው።»

ጓደኛዋን ከሐፍረት ማዳኗ ነበር። እጇንም ከኋላ ጨበጥ አደረገቻት። ላቀች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እንግዲያስ የባሰበት አገር ይውሰደው ቢሉኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» አሉ ቀኛዝማቹ። በክፋት አልነበረም የተናገሩት።

ትሁን ወረቀቱን አጠፈች። እበላለሁ ብትል እናቷ በሰው ፊት ታፍራለች፤ ብርቄም ውሸታም ትባላለች። ዝም ብትል ስንዴው ይቀራል። የእስቴው ልጅ ይርጋ ትዝ አላት። ሐሙስና ዓርብ ጧት ጧት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ ይጥላል። ከቀትሩ ስንዴ በኋላ ግን ለመመለስ እጁን የሚያወጣ እሱ ነው።

«እበላለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«በየቀኑ እበላለሁ። ግማሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ለእናቴ እወስዳለሁ። ፈትላ የምታገኘው ለሁለታችን አይበቃም። ይህ ቀሚስ የውሰት ነው። እዚህ ከሚያዩት ልብስ ብዙው የውሰት ነው። ሙክቱም…» ወደ ገበታው አመለከተች። «ሙክቱ የታረደው ስለምናከብርዎ ነው እንጂ ስለጠገብን አይደለም።»

አቶ ጓዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሊቆጧት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች።

«የእኔም ሁለት የልጅ ልጆች ይበላሉ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ልጅቷ እውነቷን ነው።»

ቀኛዝማቹ ፊት ለፊታቸው የተረፈውን ሥጋ አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ከእሱ አሸሹ።

«ቃል አልገባም» አሉ በመጨረሻ። «ምክር ቤቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ግን ይህ ማመልከቻ አይረዳኝም። አሁን ያልሽውን ጻፉልኝ። በየቤቱ፣ በየስሙ፤ ማን እንደሚበላ፣ ምን እንደጎደለው። ነገ ጧት ሳልነሣ ይድረሰኝ።»

ከዳሱ ውጪ ብርቄ ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር።

«ውሸታም አደረግሽኝ» አለች።

«ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ብታውቂስ!» መሬቱን በእግሯ ጫረች። «ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው ብልቃጥሽ ውስጥ በቀረችው ጠብታ ቀለም ልትጽፊው ነው? አንቺ እኮ ሞኝ ነሽ። ቆይ፣ ከአባቴ ሱቅ ላምጣ።» መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ወጣ። መጀመሪያ ማንም አልቀረበም። ቆይቶ አንድ ሰው መጣ፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ትሁን ስም እየጠየቀች ጻፈች። ቀና ስትል እናቷ ከፊቷ ቆማለች። ከዳሱ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«እማዬ፣ አንቺ መሰለፍ የለብሽም። የእኛን ቤት እኔው እጽፈዋለሁ።»

ላቀች በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«በልቻለሁ እያልኩ ስሰጥሽ፣ እንዳልበላሁ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንቺስ? ትምህርት ቤት ጠግቤያለሁ ስትይኝ?»

ትሁን ወደ ወረቀቱ አቀረቀረች። ላቀች እጇን ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ነካች። ጣቷ በፈትል ሻክሯል።

«በይ ጻፊው።»

ትሁን ብዕሯን ቀለም ነክራ ጻፈች።

«ምን አልሽ?» ላቀች ማንበብ አትችልም። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ጆሮውን ጥሏል።

ትሁን ድምፅዋን ሳትቀንስ አነበበችላት።

«ወይዘሮ ላቀች። ልጅ አንድ፣ ትሁን። ሁለቱም ጠግበው አያድሩም፤ አንዳቸው ለአንዳቸው ጠግቤያለሁ ይባባላሉ።»