ተስፋ የቆረጠው አይዞ

ድንቅነሽ ቲማቲሞቹን በመረብ እያሰረች ነበር። ከምድር በላይ በሚዞረው የአትክልት ጣቢያ ውስጥ ያልታሰረ ቲማቲም ተንሳፎ ሄዶ የሰው አፍንጫ ላይ ያርፋል። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው አይዞ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። አይዞ የሚሉት የርቀት ተማሪን እንዲያበረታታ የተሠራ፣ ከኮት ቁልፍ የማይበልጥ ማሽን ነው። ተማሪው ሲሰለች ያነቃዋል፣ ሲፈራ ያጽናናዋል፣ የሚናገረውንም ይጽፍለታል።

"ምነው ዛሬ ዝም አልክ?" አለችው። "ጣቢያው ወደ ምድር ጀርባ ከዞረ መልእክት አያልፍም። የማኔጅመንቱ አሳይመንት ከዚያ በፊት ካልተላከ መሰረዜ ነው።"

የአሳይመንቱ ጥያቄ፣ ተስፋ የቆረጠ ሠራተኛ እንዴት ይበረታታል የሚል ነበር። ድንቅነሽ ከርዕሱ በታች አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም።

"ተይው፣ እትዬ" አለ አይዞ። "ብንጽፈው አይላክም። ቢላክም ይጠፋል። ባይጠፋም እንወድቃለን።"

ድንቅነሽ ክው አለች። የራሷ ንግግር ነው።

ባሏ ደበሽ ከቃሪያው መደብ ኋላ ሆኖ ሳቁ አመለጠው። "ከባለቤቱ ይማራል ብለውሽ አልነበር? ይኸው፣ ስጋትሽ ተጋባበት!"

"አትሳቅ! ይሄኔ ውስጡ ተቃጥሎ ይሆናል። አንገቴ ላይ ቢፈነዳስ?"

"ልፈነዳ እችላለሁ" አለ አይዞ በሐዘን።

ድንቅነሽ ይሄን ስትሰማ መረቡን ትታ አይዞን በመዳፏ አቀፈችው።

"ና እስቲ፣ የኔ ጌታ። የጣለህ ሁሉን በአንዴ ማሰብህ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ቲማቲም ካየሁ እጄ ይዝላል፤ ስለዚህ ፊቴ ያለውን ብቻ አያለሁ። አንተም አንዷን አንቀጽ ብቻ አስብ። መጥፎ ዓረፍተ ነገር ብትጽፍስ ማን ያይሃል? ኋላ ይታረማል። ሲሰለችህ ደበሽን ትንሽ ተቆጣው፣ ይቀልሃል፤ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ። አይዞህ፣ እንወጣዋለን።"

"እርግጠኛ ነሽ፣ እትዬ?"

"እኔ? ይሄ ጣቢያ እስከ ማታ ሳይወድቅ መዋሉንም አላምን! እርግጠኛ ብሆንማ አይዞህ ማለት ምን ያስፈልገኝ ነበር?"

የአይዞ መብራት ቦግ አለ። "ያልሽውን ሁሉ ጽፌዋለሁ። አሳይመንቱ አልቋል።"

"ኧረ የደበሽን አውጣው!"

"እሱማ ምሳሌው ነው" አለና ላከው።

ጣቢያው ሊዞር ጥቂት ሲቀረው ከምድር መልስ መጣ። "ጽሑፍዎ ደርሷል። አራሚው ማሽን ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሞ ደጋግሞ እያነበበው ስለሆነ ውጤቱ ይዘገያል።"

"በቃ፣ ወደቅኩ!" አለች ድንቅነሽ ጭንቅላቷን ይዛ።

"አይዞሽ፣ እትዬ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ኧረ በፍጹም" አለ አይዞ።

ድንቅነሽ አንገቷ ላይ ካሰረችው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው።